የኮሪያ ዘማች ሜዳይ ተገኝቷል፤ ቤተሰቡን በምን መንገድ ላፈላልግ?

ባለሳጥኑ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአሮጌ የቆርቆሮ ሳጥን ሥር የተገኘ ሜዳይ እጄ ላይ አለ። ክብ ነው፣ ነሐስ መሳይ። ፊቱ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ፣ ጀርባው ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አለው፤ ማንጠልጠያው «ኮሪያ» ይላል። ጠርዙ ላይ በመርፌ የተጫረ ነገር አለ፦ አንድ የግዕዝ ቁጥር፣ ቀጥሎ «ደምሴ» የሚመስል ስም፣ ከዚያ «ኃ» ብቻ። ሳጥኑ ብዙ እጅ ስላለፈ ሻጩም ከየት እንደመጣ አያውቅም። ዘማቹ ዛሬ ቢኖሩ ዘጠናን ስለሚያልፉ፣ የማፈላልገው ልጆቻቸውን ወይም የልጅ ልጆቻቸውን ነው። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ልለጥፈው? ስለጠቆረም ላጸዳው አስቤአለሁ።

ኒሻን ወዳዱ፦
እባክዎ አያጽዱት! በብራሶም፣ በሎሚና በአመድም ቢሆን አይንኩት። በመርፌ የተጫረ ጽሑፍ ጥልቀት የለውም፤ ሁለት ጊዜ ከተወለወለ አብሮ ይሄዳል። ሪባኑንም ውኃ አያስነኩት፣ ሰማያዊው ነጩ ላይ ይለቅቃል።

ጭረቱን ለማንበብ ክፍሉን ያጨልሙና የስልክዎን መብራት ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ከጠርዙ ጋር እኩል አድርገው ያብሩበት። ሜዳዩን ቀስ እያሉ ሲያዞሩት በቀን ብርሃን ያልታየው መስመር ጥላ ይጥላል። በየማዕዘኑ ፎቶ ያንሱት። ካልበቃ ስስ ወረቀት አልብሰው ለስላሳ እርሳስ በአግድሙ ያሹበት።

ምንነቱን ለማረጋገጥ የሪባኑን መስመሮች ይቁጠሩ። 9 ሰማያዊና 8 ነጭ፣ በድምሩ 17 ከሆኑ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ነው። የኮንጎ ዘማቾች የተሸለሙት ከዓርማው በላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ስላሉት አይምታታብዎ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሰጠው የኮሪያ ሜዳይም ራሱን የቻለ ሌላ ነው። የእርስዎ ዓይነቱ በብዛት ስም ሳይቀረጽበት ነበር የሚሰጠው፤ ስለዚህ ያቺ ጭረት ባለቤቱ ራሱ ወይም ወዳጁ የጻፋት ትመስላለች። ሌላ ፍንጭ የለዎትም፣ ይጠብቋት።

ሳጥኑ ውስጥ የአሜሪካ ጦር ሜዳይ፣ ሲልቨር ስታር ወይም ብሮንዝ ስታር፣ አብሮ ካለ ግን ሥራው ይቀላል። የተሸለሙት ጥቂት ናቸው፣ ስማቸውም በሽልማቱ ትእዛዝ ላይ ሰፍሯል። ቃኘው፣ ማለትም ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ፣ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ስለተሰለፈ ያንን ትእዛዝ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በኩል መጠየቅ ነው። ሴንት ሉዊስ ወዳለው የወታደር ግል ማኅደር ክፍል መጻፍ ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ እዚያ ያለው የራሳቸው ወታደር ማኅደር ነው።

መዝገብ አገላባጭ፦
በቁጥሩ ልጀምር። ማዕረግ ነው የሚሆነው፦ ፲ አሥር አለቃ፣ ፶ ሃምሳ አለቃ፣ ፻ መቶ አለቃ። የላይና የታች ሰረዙ ሲፋቅ እርስ በርስ ይመሳሰላሉና ሦስቱንም ይዘው ይፈልጉ። ደግሞም ያ የኮሪያ ጊዜ ማዕረግ ነው። አሥር አለቃ ሆኖ የሄደ ሰው ሻምበል ሆኖ ጡረታ ሊወጣ ይችላል፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም «ሻምበል ደምሴ» ብሎ ነው የሚያውቀው።

«ኃ» ካለች በኋላ የተዘቀዘቀ ሰረዝ መኖሩን አጥብቀው ይዩ። ካለ «ኃ/» ማለት ኃይለ ነው፤ የአባት ስም ኃይለ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ኃይለ ጊዮርጊስ እየተባለ ይቀጥላል። ከሌለ ኃይሉና ኃይሌ ይቀድማሉ። ስም ዝርዝር ላይ ሲፈልጉ ደግሞ በሀ፣ በሐም በኃም ይሞክሩ፤ ጸሐፊው እንደመጣለት ነው የሚጽፈው።

ብዙ ሰው የሚስተው የፍለጋውን አቅጣጫ ነው። «ደምሴ ኃ…» እያሉ መፈለግ ሟቹን ያገኛል እንጂ ወራሹን አያገኝም። ልጆቹ ደምሴን በሁለተኛ ስማቸው፣ የልጅ ልጆቹ (በወንድ ልጅ በኩል ያሉት) በሦስተኛ ስማቸው ነው የሚይዙት። በሁለተኛ ስማቸው የአባቱን ስም የያዙ ሽማግሌ ካገኙ ደግሞ ወንድም ወይም እህት ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዘመኑም ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በ1943 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ 1951። ሁለቱ አቆጣጠር ሲቀላቀል ሰውየው ከሌላ ሻለቃ ጋር ይገባል። ዘማቾቹ በአብዛኛው የክቡር ዘበኛ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር፣ አባላት ነበሩ፤ ክፍሉ ደግሞ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ፈርሶ እንደ አዲስ ተዋቅሯል። የአንድ ሰው ዱካ እዚያ ላይ ቢቆረጥ ሞቷል ማለት አይደለም፣ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ይሆናል።

ባለሳጥኑ፦
በጣም አመሰግናለሁ። በጎን መብራት ሳየው ሰረዟ አለች፣ ከሷ ቀጥሎም «ማ» ይታያል። ቁጥሩ ፶ ነው። አሁን ወዴት ልሂድ?

እማማ ዘውዴ ሰፈር፦
እንግዲህ «ሃምሳ አለቃ ደምሴ ኃይለ ማርያም» ብለህ ትነሣለህ፤ ፊደሉ ኃይለ ማርያምን ነው የሚያሳየው። መጀመሪያ አዲስ አበባ አፍንጮ በር አካባቢ ያለው የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር። ለዘማች ልጆችና የልጅ ልጆች የኮሪያ ስኮላርሺፕ ስላለ ከማኅበሩ ጋር የሚገናኝ ቤተሰብ ብዙ ነው። ቀደም ብለው ያረፉ ላይገኙ ይችላሉ። እዚያ ካልተገኘ ጡረታ ይከፍል የነበረውን መሥሪያ ቤት ጠይቅ፣ ግን «አድራሻ ስጡኝ» አትበል። የታሸገ ደብዳቤ ጽፈህ «ለቤተሰቡ አስተላልፉልኝ» ብትል ይሻላል።

ሰፈሩ ከታወቀ ዕድር ሁነኛ ነው፤ ባለቤታቸው ወይም ልጃቸው ዛሬም አባል ሊሆኑ ይችላሉ። ቤተ ክርስቲያን ከሄድክ ግን ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነውና «ደምሴ» ብለህ ስትጠይቅ «አናውቅም» ቢሉህ አትደነቅ። የመቃብር ሐውልት ላይ ሁለቱም ስም፣ ማዕረጉም ሊጻፍ ይችላል፤ ግቢውን ዞረህ እይ።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ስትለጥፍ የፊቱን ፎቶ ብቻ። ስሙን ጻፍ፣ ማዕረጉንና ጭረቱ የት እንዳለ ደብቅ። በአማርኛ የተጻፈበት ሜዳይ ሰብሳቢ ዘንድ ተፈላጊ ስለሆነ «የአባቴ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነተኛው ቤተሰብ ፎቶ፣ የጡረታ ደብተር ወይም የዘመቻ ወረቀት ያሳይሃል፤ የሟቹን ማዕረግ፣ የኋላውን ቢሆንም፣ ሳትነግረው ይናገራል። ልጆች ብዙ ከሆኑ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃቸውን ጠይቅ፤ ለአንዱ በድብቅ ከምትሰጥ ሁሉም ባሉበት፣ በሁለት ምስክር ፊት አስፈርመህ አስረክብ። ወራሹ ውጭ አገር ከሆነ በሰው ሻንጣ አትላከው፤ አየር ማረፊያ ላይ እንደ ቅርስ ሊያዝ ይችላልና ቀድመህ ቅርስ ጥበቃን አማክር።