«ከባድ ሥራ» የሚሠራው በየትኛው ሶፍትዌር ነው?

ፈላጭ ቆራጭ፦
እስቲ ይሄን ነገር ዛሬ እንነጋገርበት፤ አንጀቴን አቃጥሎኛል። ትናንት አንዲት ልጅ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ሠርታ አስተያየት ጠየቀች። ኖድ በኖድ የሚባለው ወንድማችን ከተፍ አለና «በምን ሠራሽው?» አላት። «በካፕከት» አለች፤ በስልክ ቪዲዮ መቁረጫ አፑ። «አሪፍ ነው፤ ግን ካፕከት ለከባድ ሥራ አይሆንም» ብሏት ሄደ። በቃ። ስለ አቆራረጡ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ስለ ድምፁ የለም። ስለ ታሪኩ የለም። ልጅቷም ቪዲዮውን አነሳችው። እና ወንድሜ፣ ከባድ ሥራ ማለት ምንድነው? በኪሎ ነው የሚመዘነው?

ኖድ በኖድ፦
ስሜን ባታነሳ ዝም ብዬ አልፍ ነበር። «አሪፍ ነው» ማለቴን እንዳላየ ዘለልከው። ያልኩት ደግሞ እውነት ነው። የስልክ አፕ ለአጭር ቪዲዮ ይበቃል። የአንድ ሰዓት ዶክመንተሪ፣ አራት ካሜራ፣ ለብቻው የተቀዳ ድምፅ አምጣና ሞክረው፤ ያኔ እናወራለን። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኮምፒውተር ሶፍትዌር ላይ ኤዲቱ፣ ከለሩ (የቀለም ማስተካከሉ)፣ ድምፁ፣ ኢፌክቱ አንድ ቦታ ነው። ለዚያውም በነጻ። በነጻ እየተሰጣችሁ በመጫወቻ ምን አስጨነቃችሁ?

ሬንደር 99፦
አሁን ደግሞ መጫወቻ ሆነ። ትናንት «አይሆንም» ብቻ ነበር። እየባሰበት ነው።

ባለስልኳ፦
ልጅቷ እኔ ነኝ። ተናድጄ ነው ያነሳሁት፤ እንዳታዝኑልኝ። ቪዲዮው ላይ ሽማግሌው መናገር ሲጨርሱ አይደለም የቆረጥኩት። ቀጥለው ሊናገሩ አየር ሲስቡ ነው። የልጃቸው ድምፅ ፊቷ ከመታየቱ በፊት ይገባል፤ አባትየውን እያያችሁ እሷን ትሰማላችሁ። እዚያች ቦታ ላይ ግማሽ ሌሊት አድሬባታለሁ። ያስተዋላት ሰው የለም። ሁሉም የጠየቀኝ በምን እንደሠራሁት ነው።

ሚሚ ታይምላይን፦
እኔ አስተውያታለሁ እህቴ። ጄ ከት ናት፤ በጣም ነው ያማረችው። አስተያየት ልጽፍልሽ ስል ተነስቶ አገኘሁት።
ኖድ በኖድ ግን «በነጻ» የምትለዋን ነገር ረጋ ብለህ ተናገራት። ነጻው ዳቪንቺ ላይ ኖይዝ ሪዳክሽን (የምስል ብናኝ ማጽጃውን) ስትነካ ምስሉ ላይ ግጥም አድርጎ ማኅተም ይመታብሃል። ከአልትራ ኤችዲ ጥራት በላይ ኤክስፖርት አያደርግም። ሊነክስ ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ነጻው ኤች 264 የሚባለውን የተለመደ የቪዲዮ ዓይነት እንኳን አያነብም። ለጀማሪ ይሄን ሳትነግረው «ነጻ ነው፣ ግባ» ማለት ሰው መሸወድ ነው።

ኖድ በኖድ፦
ሚሚ፣ 295 ዶላር አንዴ ከፍለሽ ስቱዲዮውን፣ የሚከፈልበትን ስሪት፣ ትይዣለሽ። እስካሁን የመጣውን አዲስ ስሪት ሁሉ በዚያችው ክፍያ ነው የሰጡን። አንቺ ለአዶቢ ፕሪሚየር በየወሩ ትከፍያለሽ። መክፈል ያቆምሽ ቀን የራስሽን ፕሮጀክት ከፍተሽ መሥራት አትችይም። የዓመቱ ውል ሳያልቅ ላቋርጥ ብትይ ደግሞ የማቋረጫ ቅጣት አለ። የአሜሪካ መንግሥት አዶቢን በ2024 በፈረንጆቹ የከሰሰውኮ በዚሁ ነው፤ ቅጣቱን ደብቆ ሰው ያስፈርማል ብሎ። እስቲ ማነው የተሸወደው?

ሚሚ ታይምላይን፦
ስለ ቆረጣ ስናወራ ፍርድ ቤት ይወስደኛል። ክፍያው ያናድዳል፤ ማን ካደ? ከ2013 ጀምሮ በኪራይ ብቻ አድርገውታል፣ እኔም እረግማቸዋለሁ። ግን በ2023 የኤዲቲንግ ኦስካር የወሰደው «ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር ኦል አት ዋንስ» የተቆረጠው በፕሪሚየር ነው። ይሄ በአንተ ሚዛን ከባድ ነው ቀላል?

የማኩ ልጅ፦
ኦስካር ከተነሳማ እኛም አለን። «ፓራሳይት» በአፕሉ ፋይናል ከት ነው የተቆረጠው። ለኤዲቲንግ ኦስካር ታጭቷል። ወርሃዊ ክፍያ የለ፣ ማኅተም የለ። ማክህን ትከፍታለህ፣ ትሠራለህ፣ ትተኛለህ። እናንተ እዚህ ስትጨቃጨቁ እኔ ኤክስፖርት ጨርሻለሁ።

ጋሽ ሪል፦
ልጄ፣ ቀስ በል። «ፓራሳይት» የተቆረጠው በፋይናል ከት 7 ነው። ያ የኔ ፋይናል ከት ነው፤ ያንተ አይደለም። አፕል በ2011 መሸጡን አቁሞታል። ፊልሙ የወጣው በ2019 ነው። አርታኢው የቆረጠው ኩባንያው በቀበረው ሶፍትዌር ነው እንግዲህ። አንተ የምትኮራበት አዲሱ፣ ያኔ ኤክስ ይሉት የነበረው፣ ሲወጣ የሰባትን ፕሮጀክት መክፈት አይችልም ነበር። መልቲካም (የብዙ ካሜራ ምስል አንድ ላይ መቁረጫ) አልነበረውም። ኤክስኤምኤል፣ የቆረጣውን ዝርዝር ለሌላ ሶፍትዌር የሚያሻግረውን ፋይል፣ አያወጣም፤ ስለዚህ ለከለሩም ለድምፁም ሰው ሥራውን ማሳለፍ አይቻልም። ግማሽ ላይ የደረሰ ሥራ ይዘን ሜዳ ላይ ቀረን። በአፕል የጀማሪ መቁረጫ በአይሙቪ «አይሙቪ ፕሮ» ብለን ስም ያወጣንለትም ለዚህ ነው።

የማኩ ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ግን ይሄ የ2011 ቂም አይበቃም? ኤክስኤምኤሉ የዚያኑ ዓመት ተመለሰ። መልቲካሙ በ2012 መጀመሪያ ላይ መጣ። ዛሬ ማግኔቲክ ታይምላይን (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ አንድ ክሊፕ ሳወጣ የቀረው ራሱ ይጠጋል። ድምፁም የተያያዘበትን ምስል ተከትሎ ይሄዳል። እናንተ አሁንም ትራክ ስትቆልፉና ስትከፍቱ ነው የምትውሉት።

ጋሽ ሪል፦
እኔ ክሊፕ ያስቀመጥኩበት ቦታ ሳገኘው ደስ ይለኛል። ሳላዘው የሚጠጋ ነገር አልወድም።

ሬንደር 99፦
ጋሼ ስለ ሶፍትዌር ነው ወይስ ስለ ጎረቤት?

ፈላጭ ቆራጭ፦
ወገን፣ ጥያቄዬን እየሸሻችሁት ነው። ከባድ ሥራ ምንድነው? እስካሁን የሰማሁት የኦስካር ዝርዝር ነው። ኖድ በኖድ፣ አንተ በዳቪንቺ ከባድ ሥራ ሠርተህ ታውቃለህ? በአንተ ሚዛን ማለቴ ነው፣ የአንድ ሰዓቱን፣ ባለ አራት ካሜራውን።

ኖድ በኖድ፦
የኔ ሥራ አይደለም ርዕሱ።

ፈላጭ ቆራጭ፦
አሃ።

ኖድ በኖድ፦
«አሃ» ምን ማለት ነው? ሠርግ ሠርቻለሁ። ኮንፈረንስ ሠርቻለሁ፣ ሦስት ካሜራ። እሺ፣ ትርጉም ከፈለግክ ልስጥህ። ከባድ ሥራ ማለት ከአንተ እጅ ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ የሚገባ ሥራ ነው። ኤዲተሩ ይቆርጣል፣ ኤክስኤምኤሉ ለከለሪስት ይሄዳል፣ ኤኤኤፉ (የድምፁን ቆረጣ የያዘው ፋይል) ለድምፅ ሰው ይሄዳል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ባለስልኳ፣ ስልክሽ ላይ የቆረጥሽውን ታይምላይን ለከለሪስትሽ እንዴት ነው የምትልኪው?

ባለስልኳ፦
ከለሪስት የለኝም። ከለሪስቱ እኔ ነኝ፣ ድምፁ እኔ ነኝ፣ ሰብታይትል የምለቅመውም እኔ። ደንበኛው «ሎጎውን ትንሽ አተልቂው» ሲል የምጨቃጨቀውም እኔ ነኝ። በአንተ ትርጉም አምስት ሰው የሚካፈለው ከባድ ሲሆን አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ቀላል ነው ማለት ነው?

ሚሚ ታይምላይን፦
ኧረ በስማም! በሉ እንግዲህ መልሱላት።

ጋሽ ሪል፦
ይሄን ጨዋታ እኔ አውቀዋለሁ፤ ከናንተ በፊት ተጫውተነዋል። አቪድ የሚባለው የኮምፒውተር መቁረጫ በ1989 ሲመጣ ፊልም በእጃቸው የሚቆርጡት ሰዎች ፊታቸውን አዙረውበት ነበር። ከዚያ አርታኢው ዋልተር መርች «ዘ ኢንግሊሽ ፔሸንት»ን በአቪድ ጨርሶ ኦስካር ሲወስድ አቪድ «ከባድ» ሆነ። ያው መርች «ኮልድ ማውንቴን»ን በፋይናል ከት ሲቆርጥ ደግሞ የአቪድ ሰው ሳቀ፤ በመደብር የሚሸጥ ሶፍትዌር ነው ብሎ። ኖድ በኖድ፣ የአንተው ዳቪንቺ ብላክማጂክ የተባለው ኩባንያ በ2009 ሳይገዛው በፊት በመቶ ሺዎች ዶላር የሚሸጥ የከለር ማሽን ነበር። ነጻው ስሪት በ2011 ሲለቀቅ በዚያ ማሽን ያረጁ ሰዎች ሲያዩህ የሚሰማቸውን ታውቃለህ? አሁን አንተ እሷን ስታይ የሚሰማህ ነው።

ኖድ በኖድ፦
ጋሼ፣ ታሪኩን አልክድም። ግን እነዚያ ሁሉ መሣሪያዎች ለኤዲተር የተሠሩ ናቸው። ካፕከት የተሠራው ቴምፕሌት ጭነህ ሰው የሠራውን ዳንስ እንድትደግም ነው። ልዩነት አለው።

ነጻ አውጪ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አልቻልኩም። ሁላችሁም በሰው ቤት ነው የምትጣሉት። የካፕከት ባለቤት ባይትዳንስ ባለፈው ዓመት በነጻ የሰጠውን ዘንድሮ በሚከፈልበት ፕሮ ውስጥ ይቆልፈዋል። በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ካፕከት በአንድ ሌሊት ጠፍቶ ሰው ግማሽ የሠራውን ይዞ ቀረ። አዶቢ ያከራያል። አፕል ሲሻው ይቀብራል፤ ጋሽ ሪል ነግረውናል። ኬደንላይቭ የሚባለው መቁረጫ ግን ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። የፕሮጀክት ፋይሉ ኤክስኤምኤል ነው፤ በኖትፓድ ከፍታችሁ ታነቡታላችሁ። ማንም አይወስድባችሁም።

ሬንደር 99፦
ነጻ አውጪ ሆይ፣ እስካሁን ስንት ሰው ነጻ አወጣህ?

ነጻ አውጪ፦
ሙድ ያዝ አንተ።

ሚሚ ታይምላይን፦
ፋይል በኖትፓድ የማነበው ሥራዬን ጨርሼ ነው ወይስ ሥራዬን ትቼ? ለነገሩ የፕሪሚየርም ፋይል የተጨመቀ ኤክስኤምኤል ነው። ፈትተህ የስሪት ቁጥሩን ትቀይርና አሮጌው ላይ ትከፍተዋለህ። ይሄን የማውቀው ወድጄ እንዳይመስልህ።

ነጻ አውጪ፦
ሌላ ልጠይቅ። እዚህ «ፕሮፌሽናል» ነኝ ከሚለው ውስጥ በክራክ (ሳይከፈልበት በተሰበረ ኮፒ) የማይሠራው ማነው? ስለ ሰው ሶፍትዌር ደረጃ የሚያወጣ ሰው የራሱን የገዛበትን ደረሰኝ ያሳየን።

ሬንደር 99፦
ቤቱ ጭር አለ።

ሬንደር 99፦
አሁንም ጭር እንዳለ ነው።

የማኩ ልጅ፦
እኔ ገዝቻለሁ።

ሬንደር 99፦
አንተማ ለቻርጀሩም ለብቻ ከፍለሃል፤ እናውቃለን።

ኖድ በኖድ፦
ክራክን እዚህ ምን አመጣው? ወደ ነጥቡ እንመለስ። ስልክ ላይ ለምን አይሆንም እንዳልኩ በተግባር ላስረዳ። ስልክ የሚቀርጸው በተለዋዋጭ ፍሬም ሬት ነው፤ በሰከንድ የሚቀረጸው ምስል ብዛት ይለዋወጣል። አንዴ 30፣ አንዴ 29፣ ብርሃኑ ሲቀንስ ከዚያም በታች። አጭር ክሊፕ ላይ አይታወቅህም። የ40 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ሲሆን መጀመሪያው ላይ ከንፈሩና ድምፁ ይገጥማሉ። መሀል ላይ ትንሽ ይፈነገጣል። መጨረሻው ላይ ሰውየው አፉን ገጥሞ ድምፁ ገና እያወራ ነው። ደንበኛው «ምን ነክቶት ነው?» ይልሃል። ከባድ ሥራ ይሄ ነው።

ሚሚ ታይምላይን፦
ይሄኮ የካሜራው ጣጣ ነው፤ የኤዲቲንግ አፑ አይደለም! ያንኑ ፋይል ዳቪንቺ ላይ ብታስገባውም ሊሸሽብህ ይችላል። መፍትሔው ቀድሞ በሃንድብሬክ፣ በቪዲዮ መቀየሪያው፣ ወደ ቋሚ ፍሬም ሬት መቀየር ነው። ከዚያ በፈለግከው ቁረጠው። አንተ ስልክ የሚለውን ቃል ስትሰማ ካሜራውንም አፑንም ባለቤቷንም አንድ ላይ ነው የምትረግመው።

ባለስልኳ፦
እኔ ደግሞ የቀረጽኩት በስልክ አይደለም። ማንም አልጠየቀኝም።

ፈላጭ ቆራጭ፦
ይሄው! በምን እንደተቀረጸ እንኳን ሳይጠይቅ ነው የፈረደው።

ኖድ በኖድ፦
እሺ፣ ካሜራውን ተዉት። ፍጥነቱን እንይ። እኔ አንድ ቃለ መጠይቅ ሳጸዳ ግራ እጄ ኪቦርዱን አይለቅም። ጄ ኬ ኤልን (ወደ ኋላ፣ ማቆሚያ፣ ወደ ፊት) ይዤ እሰማለሁ፣ «እእእ» ያለበት ላይ አቆማለሁ፣ ሲ ብዬ እቆርጣለሁ፣ ቪ ብዬ እመለሳለሁ፣ እሰርዛለሁ። ሦስት ሰከንድ። ይሄን በአውራ ጣት መስታወት ላይ እየጠረግሽ አሳዪኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ጥሬ ቪዲዮ እንዲህ ማጽዳት የቻለ ሰው ነው ስለ ከባድ ሥራ ማውራት ያለበት።

የማኩ ልጅ፦
በፍጥነት ከሆነ ማግኔቲክ ታይምላይን ላይ «መሰረዝ» የሚባል አራተኛ እርምጃ...

ጋሽ ሪል፦
ጀመረው ደግሞ።

ሚሚ ታይምላይን፦
ቆይ ቆይ ቆይ። ሁላችሁም ቁሙ። ኖድ በኖድ፣ ምን አልክ? ሲ ብዬ እቆርጣለሁ፣ ቪ ብዬ እመለሳለሁ?

ኖድ በኖድ፦
አዎ። ምን አለበት?

ሚሚ ታይምላይን፦
ዳቪንቺ ላይ የምላጩ (የመቁረጫው) ቁልፍ ቢ ነው ወንድሜ። መምረጫው ኤ ነው። ሲ እና ቪ የፕሪሚየር ናቸው።

ሬንደር 99፦
ኧረ!!!

ፈላጭ ቆራጭ፦
አቦ አይሆንም። ዳቪንቺን ከፍተህ የፕሪሚየርን ኪቦርድ ጭነህበት ነው የምትሠራው?

ኖድ በኖድ፦
ሶፍትዌሩ ራሱ ምርጫ ሰጥቶኛል! የፕሪሚየር አለ፣ የፋይናል ከት አለ፣ የአቪድ አለ፤ የፈለግከውን ትመርጣለህ። ይሄ የዳቪንቺ ጥንካሬ ነው። ጣቴ ለምዶት ነው።

ሚሚ ታይምላይን፦
የት ነው የለመደው ጣትህ? ኪራይ ቤት?

ኖድ በኖድ፦
ድሮ ሁሉም ሰው በፕሪሚየር ጀምሯል።

ነጻ አውጪ፦
በገዛኸው ወይስ በ...?

ኖድ በኖድ፦
አንተ ዝም በል። ኪቦርድ ሌላ፣ ሶፍትዌር ሌላ። የማኩ ልጅ እንኳን ይመስክር።

የማኩ ልጅ፦
በዚህ ጉዳይ አልገባም። ግን ፋይናል ከት ላይም ምላጩ ቢ ነው።

ጋሽ ሪል፦
በኔው ሰባትም ቢ ነበር። እሷን አልቀየሩብንም፤ ይመስገን።

የማኩ ልጅ፦
አዩ ጋሼ? በአንድ ነገር ተስማማን።

ጋሽ ሪል፦
በቢ ብቻ። ስለዚያ ራሱ ስለሚጠጋው ነገር ገና አልጨረስንም፤ ማታ እመለሳለሁ።