«ራሱን ነው» ማለት ምን ማለት ነው? የሱፐር ኒንቴንዶው ሞርታል ኮምባት 2

የሴጋ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዱ ስለ ድብድብ ጌሙ «የሱፐር ኒንቴንዶው ሞርታል ኮምባት 2 አርኬዱን ራሱን ነው ቤት ያስገባው» ብሎ ጻፈ፤ አንድም የተቃወመ ሰው የለም። በጣም ነው ያናደደኝ። «ራሱን» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? የአርኬዱ፣ የመጫወቻ ቤቱ ማሽን፣ ምስል 400 በ254 ፒክስል ነው፤ የሱፐር ኒንቴንዶው 256 በ224። ወደ ጎን ከሲሶ በላይ ጠፍቷል። የተፎካካሪው የሴጋ ኮንሶል ስፋት 320 ነው። በስፋት ማን ወደ አርኬዱ እንደሚጠጋ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ብሎክ ያዥ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም ራሱን ነው እላለሁ። ስፋቱን ይዘህ ቀለሙን ለምን ዘለልከው? ሴጋው በአንድ ጊዜ የሚያሳየው 64 ቀለም ነው፣ ያውም ከ512 መርጦ። ሱፐር ኒንቴንዶው 256 ያሳያል፣ ከ32,768 መርጦ። ይሄ ጌም ደግሞ በእጅ የተሳለ አይደለም፤ ተዋናዮች በካሜራ ተቀርጸው ነው የገቡት። ቀለም ሲያጥር መጀመሪያ የሚጎዳው የሰው ቆዳ ነው። ከተፋላሚዎቹ አንዱን፣ የሊው ካንግን ደረት ሁለቱም ላይ አስተያዩት። አንዱ ላይ የጡንቻው ጥላ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ ሌላው ላይ ተቆራርጦ ይታያል።

የሴጋ ልጅ፦ በቀለም ይበልጣል፣ አልካድኩም። መብለጥና «ራሱን» መሆን ግን አንድ አይደሉም። ቃሉን አንሳው።

ሜሪላንድ፦ ስለ ምስል ስትጨቃጨቁ ዋናውን ረሳችሁት። በ1993 የመጀመሪያው ሞርታል ኮምባት ለቤት ኮንሶል ሲወጣ ኒንቴንዶ ደሙን ወደ ግራጫ ላብ አስቀየረ፣ ፌታሊቲዎቹንም (የመጨረሻ መግደያዎቹን) አስለወጠ። ሴጋ ላይ ኤ ቢ ኤ ሲ ኤ ቢ ቢ ብለህ ስትጫን ደሙ እንዳለ ይመጣል። የሴጋው በሽያጭ በልጦ የተገኘው በዚህ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 9 እነ ሴናተር ሊበርማንና ኮል ስለ ቪዲዮ ጌም ጥቃት ዋሽንግተን ላይ ጉባኤ ጠሩ። ኒንቴንዶ ደሙን የፈቀደው ከዚያ በኋላ፣ በ1994፣ ሁለተኛው ሲወጣ ነው። ተጫዋቹን ከመጀመሪያው ያከበረው ማን ነው? እኔ ከሴጋ ጎን የቆምኩት ለዚህ ነው።

ብሎክ ያዥ፦ ሜሪላንድ፣ አንቺ የምታወሪው ስለ አንደኛው ነው። እኛ የያዝነው ሁለተኛውን ነው። ሁለተኛው ላይ ያለምንም ኮድ ደሙም ፌታሊቲውም ሙሉ ነው።

ካርትሪጅ ጠጋኝ፦ «ሙሉ ነው» ከማለትህ በፊት የትኛው አገር ካርትሪጅ (ጌሙ ያለበት መሰኪያ) እንደሆነ ተናገር። የጃፓኑ ላይ ደሙ አረንጓዴ ነው፣ ፌታሊቲ ሲሠራ ደግሞ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ሰው ርካሽ ነው ብሎ የጃፓኑን ይገዛና ኮንሶሌ ተበላሸ ይላል። አልተበላሸም፣ ጌሙ እንደዚያ ነው።

አዲስ ገቢ፦ የጃፓኑ የአሜሪካ ኮንሶል ላይ ይገባል እንዴ?

ካርትሪጅ ጠጋኝ፦ ይገባል። የአሜሪካው ኮንሶል ማስገቢያ ውስጥ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ፣ የሚከለክሉት እነሱ ብቻ ናቸው። ኮንሶሉን ከሶኬት ነቅለህ ጥርሶቹን በቀጭን ፒንሳ ከሥር ቆርጠህ አውጣ፤ ስባሪው ውስጥ እንዳይወድቅ ገልብጠህ አራግፈው። የሁለቱ አገር መቆለፊያ ቺፕ አንድ ዓይነት ነው። የአውሮፓው ግን ቺፑ ሌላ ነው፤ ቅርጹ ቢገባልህም አይነሳም። ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ካርትሪጁን በአፍህ አትንፋበት፤ እርጥበቱ የካርትሪጁን የመዳብ መገናኛ ያበላሸዋል። የአሜሪካውን ካርትሪጅ በ3.8 ሚሊ ሜትር መፍቻ ክፈተው፣ ጥጥ 90 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ነክረህ ጥጡ ጥቁር ማውጣት እስኪያቆም መገናኛውን ጥረገው፣ ሳይደርቅ አታስገባው።

የሴጋ ልጅ፦ እናመሰግናለን፤ ግን «ራሱን» አልተመለሰልኝም። የአርኬዱ ድምፅ ዲሲኤስ ከሚባል የድምፅ ቦርድ ነው የሚወጣው። የሱፐር ኒንቴንዶው የድምፅ ሜሞሪ 64 ኪሎባይት ነው፤ ጩኸቱም ሙዚቃውም እዚያ ውስጥ ተጨፍልቆ ነው የገባው። ይሄም ራሱን ነው?

ብሎክ ያዥ፦ ድምፅ ካነሳህማ ሴጋው ላይ የአስተዋዋቂው ድምፅ ብዙው ተቆርጧል። ሁለቱም ካርትሪጅ 24 ሜጋቢት ነው፣ ቦታ አነሰኝ አይልም። እጅህ ላይ ያለውንስ አየኸው? ጌሙ አምስት በተን ይፈልጋል፦ ከፍተኛና ዝቅተኛ ቡጢ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ እርግጫ፣ ብሎክ (መከላከያ)። ሱፐር ኒንቴንዶ ላይ አራቱ ምቶች ፊት ለፊት ናቸው፣ ብሎክ ትከሻው ላይ። የስኮርፒዮንን የእሳት ፌታሊቲ ሞክረው፤ ራቅ ብለህ ላይ፣ ላይ፣ ከፍተኛ ቡጢ ነው። ብሎክ ሳትይዝ «ላይ» ካልክ ይዘላል፣ ሰዓቱም ያልፍብሃል። በትከሻው በተን ብሎክ ይዘህ አውራ ጣትህ ነፃ ነው። ባለ ሦስት በተኑ ሴጋ ፓድ ላይ አምስቱ ለየብቻ ቦታ የላቸውም።

የሴጋ ልጅ፦ ባለ ስድስት በተኑ ፓድ በ1993 ወጥቷል። በእሱ አምስቱም ለየብቻ ናቸው።

ብሎክ ያዥ፦ ለብቻው የሚገዛ ፓድ ነው።

ሜሪላንድ፦ ስለ አንደኛው ነው ያልከኝን አልተውኩትም። ሁለተኛው ደም የኖረው አንደኛው ላይ ሴጋ ስላሸነፈ ነው። ያንተ «ራሱን» የመጣው በእኛ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ስሞክን፣ የተደበቀውን ተፋላሚ፣ የሚያመጣ ሰው አለ? ያ ብቅ የሚለው ሰውዬ ሲመጣ ብጫንም አይሆንልኝም።

ካርትሪጅ ጠጋኝ፦ የምትጫወተው የትኛው ሜዳ ላይ ነው? ፖርታሉ ላይ ካልሆነ አይሠራም። እዚያ ታች ከከፍተኛ ቡጢ ጋር ይዘህ አፐርከት (ከታች ወደ ላይ ቡጢ) ምታ። ያ ሰውዬ፣ ዳን ፎርደን፣ ከታች በቀኝ ጥግ ብቅ ሲል ወዲያው ታች ይዘህ ስታርት ተጫን። ሁልጊዜ አይወጣም፣ ስለዚህ አፐርከቱን ደጋግም። ኮምፒውተሩ እየተጠጋ እያነሳ ከጣለህ ወደ ኋላ ዝለል፤ ተከትሎህ ሲዘል አየር ላይ ርገጠው።

የሴጋ ልጅ፦ አርኬዱ በሰከንድ ወደ 55 ፍሬም ነው የሚሄደው፣ የአሜሪካው ሱፐር ኒንቴንዶ 60። ፍጥነቱ እንኳ ራሱን አይደለም።

ብሎክ ያዥ፦ ያንተም ሴጋ 60 ነው።

የሴጋ ልጅ፦ እኔ ራሱን ነው አላልኩም።