ልጄ ደህና ሆናለች፤ የልብ መርፌዋን ላቋርጥ?

የቆጪዋ እናት (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ቆጪ ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። አምና ክረምት ላይ ጉሮሮዋን አመማት፣ ሁለት ሦስት ቀን አተኮሳትና ተዋት። እኛም ረሳነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲሻላት ደግሞ ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። ወድቃ ይሆናል ብለን በቅቤ አሸናት። በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዳገቱ ላይ ቁጭ ማለት ጀመረች። ማታ ሁለት ትራስ ካልደረብኩላት አትተኛም። ኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ስትነሳ «ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፣ አንዱ ቫልቭ (የልብ በር) በደንብ አይዘጋም፣ ደም ወደ ኋላ ይመልሳል» አሉን። የሚዋጥ መድኃኒትና በየ28 ቀኑ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ታዘዘላት።

አሁን 11 ወር ሆነን። ትሮጣለች፣ ትበላለች፣ ጤነኛ ናት። መርፌው ግን ያማታል። ቀኑ ሲደርስ አልጋ ሥር ትደበቃለች። ባለፈው ደግሞ የሄድንበት ጤና ጣቢያ «ይሄ መርፌ ያስፈራል፣ አንወጋም» ብሎ መለሰን። አያቷ እንጥሏን አስቆርጠን እንገላገል ይላሉ። ከዳነች ላቋርጥላት?

ነርስ ነኝ
እህቴ፣ እባክሽ እንዳታቋርጪ። መርፌው የተጎዳውን ቫልቭ አይጠግንም። ሥራው ሌላ ነው። ጉሮሮ ላይ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ሲገባ ሰውነት ይዋጋዋል። አንዳንድ ልጆች ላይ ያ ውጊያ ይሳሳትና የራሳቸውን መገጣጠሚያና ልብ ይመታል። መገጣጠሚያው ይድናል። ቫልቩ ግን ጠባሳ ይይዛል፣ በየጊዜው ሲደጋገም ደግሞ ይብሳል። ፔኒሲሊኑ ባክቴሪያው ተመልሶ እንዳይገባ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። 28 ቀን ካለፈ ዘበኛው ተኛ ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «በየወሩ» ብላችሁ ወሩ በገባበት ቀን አትቁጠሩ። ታኅሣሥ 12 ተወግታ ጥር 12 ብትመጣ 30 ቀን ሆኗል። ነሐሴ 12 ተወግታ መስከረም 12 ብትመጣማ ጳጉሜን ጨምሮ 35 ቀን ነው! በሳምንት ቁጠሪ። ማክሰኞ ከተወጋች በየአራተኛው ማክሰኞ። በዓመት 13 ጊዜ ይመጣል።

የአጋሮ ልጅ
እኔ 24 ዓመቴ ነው፣ ከ11 ዓመቴ ጀምሮ እወጋለሁ። አሥረኛ ክፍል ስገባ «ጎረምሳ ሆኛለሁ፣ ድኛለሁ» ብዬ ለአምስት ወር ተውኩት። ጉሮሮዬን አንዴ አመመኝ፣ ከዚያ እግሬ አብጦ ትንፋሽ አጥሮኝ ሆስፒታል ተኛሁ። ቀጣዩ ኤኮ ላይ ቫልቩ ብሶበት ተገኘ። ያቺ አምስት ወር አሁንም ትቆጨኛለች።

ስለ መርፌው ሕመም፦ በባዶ ሆዷ አትውሰጃት። የተዘጋጀውን መርፌ በእጃቸው ትንሽ ያሙቁት። የሚወጋውን ቦታ በአውራ ጣት አሥር ሰከንድ ያህል ጫን ይበሉት፣ መድኃኒቱንም ቀስ ብለው ያስገቡ። እኔ ከተወጋሁ በኋላ አልቀመጥም፣ ከአጂፕ እስከ መርካቶ በእግሬ ነው። ባጃጅ ላይ መቀመጥ ራሱ ሌላ መርፌ ነው!

አባት ከሊሙ
ለምን በክኒን አትለውጪላትም? የኔ ልጅ የልብ ታማሚ ነው፣ መርፌ የሚባል ነገር ታዞለት አያውቅም። ሕፃን ሆኖ ጡት ሲጠባ ግንባሩ በላብ ይርሳል፣ ትንሽ ጠብቶ ያርፋል፣ ክብደት እምቢ አለ። ሦስት ጊዜ «የሳንባ ምች» ተብሎ ታከመ። በኋላ አንዲት ሐኪም ልቡ ላይ ድምፅ ሰምታ ላከችን። ክፍተት ተገኘ። አሁን ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ይወስዳል፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ተራ እየጠበቅን ነው።

የሕፃናት ሐኪም
አባቱ፣ የእርስዎ ልጅ ሕመም አብሮት የተወለደ ነው። የእሷ ከጉሮሮ የመጣ ነው። ሁለቱም «ልብ» ይባላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የነገሩን ምልክቶች ግን ጡት የምታጠባ ሁሉ ልታውቃቸው ይገባል። ከንፈርና ምላስ መጥቆርም ይጨመርበት።

ክኒን አለ፣ ግን በየቀኑ ጠዋትና ማታ ለዓመታት ነው። ይረሳል፤ ስለዚህ መርፌው ይሻላል። ቫልቩ በጣም የተጎዳ ወይም ልቡ የደከመ ልጅ ከሆነ ሐኪሙ ራሱ ክኒን ሊመርጥ ይችላል። የጤና ጣቢያው ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። አልፎ አልፎ ከመርፌው በኋላ የሚወድቅ ታማሚ አለ፣ በተለይ ልቡ የደከመ። የፔኒሲሊን አለርጂም አለ፣ ብዙ ባይሆንም። መፍትሔው ግን መመለስ አልነበረም። ክትትል ከምታደርጊበት ክሊኒክ የቫልቭዋን ሁኔታ የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፊ። በልታ፣ ውኃ ጠጥታ፣ ተኝታ ትወጋ። 30 ደቂቃ እዚያው ትቆይ።

እንጥል ማስቆረጥ ይህን በሽታ አይከላከልም። ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል፣ አበቃ። እማማን በአክብሮት አስረጃቸው።

ስንት ዓመት እንደምትወጋ (ባትጠይቂም)፦ ልብ ከተነካ ቢያንስ 10 ዓመት ወይም 21 ዓመት እስኪሞላት፣ ከሁለቱ የረዘመው። ቫልቩ ላይ ጉዳት ከቀረ እስከ 40 ዓመት ሊሄድ ይችላል። ጥርሷን ጠዋትና ማታ ትቦርሽ፣ የበሰበሰ ጥርስ ለተጎዳ ቫልቭ ጠላት ነው። ትራሱ ሁለት ካስፈለጋት፣ እግሯ ካበጠ፣ ራሷን ከሳተች ወይም ትኩሳት አልለቅ ካላት ቀጠሮ አትጠብቂ።

የቆጪዋ እናት
ገለቶማ፣ ሁላችሁንም። አልዋሽም፣ «እስከ 40» ሲባል አለቀስኩ። ካርዷን አውጥቼ ቆጠርኩ። መስከረም ላይ ለካ ሰባት ቀን አሳልፈናል! ከዛሬ ጀምሮ በማክሰኞ ነው። ለአያቷም የአጋሮውን ልጅ ታሪክ አነበብኩላቸው፣ ዝም አሉ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ ስፖርት ክፍለ ጊዜ ትግባ?

የሕፃናት ሐኪም
የሚቀጥለው ኤኮ ይወስናል። እስከዚያ ጨዋታ አትከልክያት፣ ሲደክማት ትረፍ። ውድድር ይቆይ። ለስፖርት መምህሯም ንገሪያቸው፣ «ሰነፍ» እንዳይሏት።