የማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከዳታ እንዲማር የማድረግ) ምርምር ውስጥ መግባት ፈልጌ ግራ ገብቶኛል፤ ምከሩኝ

ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ የምታውቁ አንድ ነገር በሉኝ። የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ያለሁት ባሕር ዳር ነው። ሐሳቤ አማርኛና የሀገራችን ቋንቋዎች ላይ የሚሠራ ተመራማሪ መሆን ነው። ቤተሰብ "ባንክ ተቀጠር" ይላል፤ እሱን ለጊዜው ተዉት።

ፓይተን እችላለሁ። ያቃተኝ ሒሳቡ ነው። አርካይቭ (ጥናቶች በነፃ የሚነበቡበት ድረ ገጽ) ላይ ጥናት ከፍቼ መግቢያውን ደስ እያለኝ አነባለሁ። ግሬዲየንትና ማትሪክስ ሲመጣ ግን ድንግርግሬ ይወጣል። የኤምአይቲን ነፃ የሊኒየር አልጀብራ ትምህርት ጀምሬያለሁ። እሱን ልጨርስ ወይስ ፕሮጀክት እየሠራሁ የጎደለኝን ልሙላ?

ሞዴል ለማሠልጠን የሚያስፈልገው ፈጣን ፕሮሰሰር፣ ጂፒዩም የለኝም። የጎግልን ኮምፒውተር በኢንተርኔት በሚያስጠቅመው በነፃው ጎግል ኮላብ ነው የምሠራው። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ የሞዴሉ ሥልጠና መሃል ላይ ይቋረጣል። ቼክፖይንት (ሥልጠናው እስከደረሰበት ያለውን ሞዴል) ጎግል ድራይቭ ላይ ማስቀመጥ ለምጃለሁ፤ ቢሆንም ትልቅ ሞዴል አይታሰብም። ስለዚህ ቶክናይዘር (ጽሑፍን ለሞዴሉ ወደ ትንንሽ ቁራጮች የሚከፍለው ፕሮግራም) ላይ ላተኩር አሰብኩ። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛው 3 ይይዛል። ለእንግሊዝኛ የተሠራ ቶክናይዘር አማርኛን የሚበጣጥሰው አንድም በዚህ ነው። ይህን በደንብ መለካት ለመመረቂያ ይበቃል? አማካሪዬ "ዌብሳይት ሥራና ቶሎ ጨርስ" ነው ያለኝ። ለመጨረስማ ይቀላል፤ ለማስተርስ ማመልከቻ ግን ምን ይረባኛል?

ማሳካኔ (በአፍሪካ ቋንቋዎች ላይ የሚሠራ የተመራማሪዎች ስብስብ) ውስጥ የተሳተፋችሁ ካላችሁ፣ ጀማሪ ምን ይዞ ነው የሚገባው? ውጭ ማስተርስ ያገኛችሁስ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ማንን አስጻፋችሁ? እኔን በስም የሚያውቀኝ መምህር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም "ዌብሳይት ሥራ" ያለኝ አማካሪዬ ነው።