የአዴን ሳህን ምን ብዬ ልመልስ?

ሰላም፣ ድሬዳዋ ለገሃሬ ነው የምኖረው፣ ኦርቶዶክስ ነኝ። ሙስሊሟን ጎረቤቴን አዴ ነው የምላቸው፣ እናቴ ስታርፍ ከጎኔ ያልጠፉ ሰው ናቸው። ለፋሲካ ሁለት ዶሮ እገዛለሁ፣ አንዱን ልጃቸው ያርድላቸዋል። እሳቸውም በበዓል ሥጋ የሌለው ለይተው ነበር የሚልኩልኝ። ዘንድሮ ግን ለአረፋ አዲሷ ምራታቸው በዳንቴል የተሸፈነ ሳህን ይዛ መጣች፣ ስገልጠው የበግ ሥጋ ያለበት ሩዝ፣ ገና ትኩስ ነው። ዝም ብዬ ተቀበልኳት። አልበላሁትም፣ መድፋቱም ነውር ሆነብኝና ለሰፈሩ ሙስሊም ዘበኛ ሰጠሁት። አሁን አዴ ባገኙኝ ቁጥር "ሩዙ ጣፈጠሽ ወይ?" ይሉኛል። እሳቸውን መዋሸት አልችልም፣ ከእምነቴም አልወጣም፣ ልጅቷንም ከአማቷ ጋር ማጋጨት አልፈልግም። እንዲህ የገጠማችሁ እባካችሁ፣ በምን ቃል ነገራችኋቸው? ሳህኑ አሁንም እኔ ጋ ነው፣ ባዶውን አይመለስ ነገር፣ ምን ላድርግበት?