ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ፦ የመምጫው በረራ ለምን ይረዝማል?

ጥያቄ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። እናቴ በመጪው ወር ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ደለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ይመጣሉ። ትኬታቸውን ሳይ መምጫው 17 ሰዓት ያህል፣ መመለሻው ግን 13 ሰዓት ገደማ ሆኖ አገኘሁትና ግራ ገባኝ። ርቀቱ ያው አይደለም ወይ?

መልስ 1፦
በቀጥታ ሲለካ ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ ያው ነው፤ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዋናው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ መንገደኛ ይዞ ለመነሣት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ነዳጅ ቀንሶ ይነሣና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። ደለስ ግን ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሚገኝ በመመለሻው ይህ ችግር የለም። በዚያ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ የሰማይ ነፋስ ሲመጡ ከፊት ይገታል፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል።

መልስ 2፦
ነዳጅ ሲሞላ መንገደኞች ብዙውን ጊዜ ከአውሮፕላኑ አይወርዱም። የእኔ እናት የደረሱ መስሏቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን አቅፈው ተነሥተው ነበርና እባክዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። የሰዓት ልዩነቱም በሐምሌ 7፣ በጥር 8 ሰዓት ነው፤ የመድኃኒት ሰዓት ካላቸው ይህንን ያስቡበት።