ባህር ዛፉ ቢወድቅ ቤቱ ላይ ይደርሳል? ካልኩሌተሬ 45 ሜትር ነው ይለኛል

ጥያቄ፦ ባለ ባህር ዛፉ
ሰላም ቤተሰብ። ደሴ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ አንድ ያረጀ ባህር ዛፍ አለ። ቅዳሜ ሊቆረጥ ነው። ከሥሩ እስከ ቤቱ ግድግዳ በሜትር ስለካው 21 ሜትር ሆነ። ዛፉ ከዚያ ካጠረ ወደፈለገበት ይውደቅ። ከረዘመ ግን የሳሎኑ ቆርቆሮ አለቀለት። ቆራጩን ብጠይቀው «ኧረ አይደርስም፣ አትስጋ» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

የእህቴን ልጅ ፕሮትራክተር፣ ያቺን የማዕዘን መለኪያ፣ ተዋስኩ። መሀሉ ላይ ክር አስሬ ብሎን አንጠለጠልኩበት፣ እንደ ቱንቢ። ከዛፉ 20 ሜትር ርቄ፣ በቀጥታው ጠርዝ ወደ ዛፉ ጫፍ አነጣጠርኩ። ክሩ 48 ላይ አረፈ። ከ90 ሲቀነስ 42 ዲግሪ። የማዕዘን ታንጀንት ከፍታው የርቀቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ይናገራል አይደል? 20ን በታንጀንት 42 ባባዛው 45.8 ሜትር አለኝ! ይሄ እኮ ፎቅ ነው። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ የሒሳብ መምህር
ካልኩሌተርህ ዲግሪ ላይ ሳይሆን ራዲያን በሚባል ሌላ የማዕዘን መለኪያ ላይ ነው ያለው። 42ን እንደ ራዲያን ቆጥሮ 2.29 ሰጠህ። የ42 ዲግሪ ታንጀንት 0.90 ነው። ሞዱን ወደ ዲግሪ መልሰው። ተማሪዎቼም በየፈተናው እዚህ ጋ ነው የሚወድቁት።

ሳታሰላም መጠርጠር ትችል ነበር። የ45 ዲግሪ ታንጀንት ልክ 1 ነው። 42 ከዚያ ስለሚያንስ መልሱ ከ20 ሜትር ሊበልጥ አይችልም። እና 20 × 0.90 = 18 ሜትር። ይህ ግን ከዓይንህ በላይ ያለው ብቻ ነው፣ ያነጣጠርከው ከመሬት ሳይሆን ከዓይንህ ነዋ። ዓይንህ ከመሬት 1.6 ሜትር ከሆነ ጠቅላላው 19.6 ይመጣል።

መልስ፦ አናጢው
ወንድሜ፣ እኛ ካልኩሌተርም አንይዝም። አራቱም ጎኑ እኩል የሆነ ወረቀት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እጠፍ። አንዱን አጭር ጎን እንደ ውሃ ልክ አግድም ያዝ። በረጅሙ ጎን እያየህ የዛፉ ጫፍ እስኪገጥምልህ ወደፊት ወደኋላ በል። ሲገጥም 45 ዲግሪ ነው። ከዛፉ የራቅከውን ለካና የዓይንህን ከፍታ ጨምርበት፤ አለቀ።

ባለ ባህር ዛፉ፦
ሞከርኩት። 18.2 ሜትር ላይ ገጠመ፤ 1.6 ሲጨመር 19.8። ከመምህሩ 19.6 ጋር ተገጣጠመ! እፎይ። ቤቱ ጋ አይደርስም ማለት ነው።

መልስ፦ ቀያሹ
ቆይ፣ ቆይ። ደሴ ነው ያልከው? ደሴ ላይ ሜዳ ግቢ ከየት ተገኘ? ዛፉ ከቤቱ በታች ነው በላይ?

ባለ ባህር ዛፉ፦
በታች ነው። ግቢው ትንሽ ቁልቁለት አለው።

ቀያሹ፦
ታዲያ ሁለቱ ዘዴዎች የተገጣጠሙት አንድ ዓይነት ስህተት ስላለባቸው ነው። ሁለቱም የዛፉ ሥር አንተ ከቆምክበት ጋር እኩል ነው ብለው ነው የሚነሱት። ያንተ ዛፍ ሥሩ ዝቅ ብሏል። 1.6ቷን እርሳት። እዚያው 20 ሜትሩ ላይ ቁምና በፕሮትራክተሩ ቁልቁል ሥሩን አነጣጥር። ስንት ዲግሪ?

ባለ ባህር ዛፉ፦
11።

ቀያሹ፦
የ11 ዲግሪ ታንጀንት 0.194። በ20 ሲባዛ 3.9 ሜትር። ከላይኛው 18 ጋር ደምረው፤ 21.9። ቤትህ 21 ላይ ነው። ቆርቆሮው አለቀለት!

ሁለት ነገር ልጨምር። ሜትሩን በቁልቁለቱ ላይ ስለዘረጋኸው ትክክለኛው አግድም ርቀት ከ20 ሜትር 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ያንሳል። ይህ አያስጨንቅም። ማዕዘኑ ግን ያስጨንቃል፤ ላይኛው ላይ አንድ ዲግሪ ብትስት 63 ሴንቲ ሜትር ትስታለህ። በብሎንና በክር ደግሞ አንድ ዲግሪ መሳት ቀላል ነው። ስለዚህ ከ21 እስከ 23 በለው።

መልስ፦ የገጠር ልጅ
ስሌቱን ለእናንተ ትቻለሁ። መጀመሪያ ሰው ወጥቶ ጫፉን ቆርጦ ያውርደው። ግንዱ ላይ ገመድ ታስሮ ወደ ቁልቁለቱ ይሳብ። መጥረቢያውም መጀመሪያ የሚያርፈው በሚወድቅበት በኩል ነው። ሳቢዎቹ ግን ዛፉ ከሚደርስበት ውጪ ይቁሙ፣ ገመድ እንዳያጥር።

የሒሳብ መምህር፦
ይቺም ጎነ ሦስት ናት። ገመዱ 10 ሜትር ከፍታ ላይ ቢታሰርና ሳቢዎቹ 25 ሜትር ርቀው ቢቆሙ፣ ሜዳ ላይ 27 ሜትር ገመድ ይበቃል። ቁልቁለት ስለሆነና መያዣም ስለሚያስፈልግ 35 ግዛ።

ባለ ባህር ዛፉ (ቅዳሜ ማታ)፦
ወደቀ፣ ወደ ታች። ጫፉ 4.1፣ ግንዱ 17.9፣ ጉቶው 30 ሴንቲ ሜትር። ድምሩ 22.3። ቆራጩ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ያቺን ነገር ለኔ ሽጥልኝ» አለ፣ ፕሮትራክተሯን። የእህቴ ልጅ ግን ሰኞ ፈተና አለባት።